ሁለት ሰከንድ

ጄኖቫ፣ ክረምት ነው፤ ባሕሩ ጥቁር ዘይት፤
ከወደቡ በላይ፣ ከአቀበቱ ደረት፣
«ሊጉሬ» በሚባል አሮጌ ሲኒማ ቤት
ፊልም አጫዋች ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
አዳራሹን የማይ መዳፍ ባከለች ቀዳዳ፣
ሕዝቡን በማጅራቱ የማውቅ እንግዳ።

ያን ሰሞን የመጣው ያው የፖሊስ ነበር፤
ዝናብ ያበሰበሰው ኢንስፔክተር፣ ብዙ የማይናገር፤
ዳኛው ሲያመነታ፣ ጠበቃው ሲከራከር፣
ነፍሰ ገዳዩ ሲስቅ ከፍርድ ቤቱ በር።
የፊልሙ ሥራ ይሄ ነው፤ ልብን እንደ ማገዶ ያደርቃል፣
አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ከዚያ ክብሪት ያቀብላል።
እኛም እንጭራለን። ማን እምቢ ይላል?

አምስተኛው ጥቅል ላይ፣ የዓሣ መጋዘን፤
የቀለጠ በረዶ፣ የተገለበጠ ሚዛን።
ነፍሰ ገዳዩ ይቆማል፤ ሽጉጡን ይጥላል፤
ሁለት እጁን ወደ ላይ፣ ቀስ አድርጎ ያነሣል።
እጅ ሰጠ።
ኢንስፔክተሩ ያየዋል፤ ማየቱንም እናያለን፤
ሁለት ሰከንድ ሙሉ፣ «በሕግ አምላክ» የሚል ድምፅ እንጠብቃለን።
ከዚያ ይተኩሳል።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ እዚያ ላይ፣ ማንም አላጨበጨበ፤
አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ ባርኔጣውን እንደ ጋዜጣ አነበበ፤
መብራት ሲበራም ሰዉ፣ ዓይን ከዓይን እየሸሸ፣
ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ወይን ቤት አመሸ።

ሐሙስ ማታ ፊልሙ ተበጠሰ፣ እዚያው ላይ።
ቆረጥኩ፤ ቀጠልኩ፤ ማጣበቂያ አደረግሁ ከላይ።
ከዓርብ ጀምሮ እንግዲህ እጁን የሚሰጥ የለም፤
ይሮጣል፤ ይዞራል፤ ጥይት፤ ከዚያ ደም።
አዳራሹ በጭብጨባ ጣራው ሊነሣ ደረሰ፤
የቲኬቱ ሰልፍ ከደረጃው አልፎ እስከ ትራሙ ፈሰሰ።
«ምን ነካው ይሄ ሰው?» አለች ሲኞራ ዴልፊና፣ «ጀግና ሆነ!»
እኔ ጥቅሉን ጠመዘዝኩ፤ አንደበቴ ታፈነ።

ቅዳሜ ኤርሜቴ መጣ፣ የወደብ ጫኙ፣ ልጁን ይዞ፤
የሚሞተው እሱ ነው፣ ለአንድ ቀን ደሞዝ፣ ኮት ተውሶ ተጉዞ።
«እጆቼን እዪልኝ፣ ጂልዳ፣» ብሏታል፣ «እጆቼን ብቻ፤
ሰባቴ አስደገሙኝ፤ ሲነሡ የላቸውም አቻ።»
ጥይቱ ጮኸ። አዳራሹ ተነሣ፤ እንደ ማዕበል አስተጋባ፤
ልጅቷም መዳፏን አማታች፣ ሳይገባት፣ ዓይኗ ሞልቶ እንባ።

ደረጃዬን ወጣ። በሩን ሞልቶ ቆመ፤
ጨውና ዝገት ይሸታል። ትንሽ ቃል አመመው፣ ዝም አለ፣ ደገመ፦
«እጆቼስ?»
«ከሮማ የመጣው እንዲሁ ነው» አልኩት።
ፊቴን አላየም። ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ቀረ፤
ማጣበቂያው ገና አልለቀቀም ነበረ።
እጅ ከፍንጅ የሚሉት ይሄን ነው።
«አሃ፣» አለ። ባርኔጣውን ደፋ። የልጁን እጅ ይዞ ወረደ።

የትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ አርባ ስምንት ክፈፍ አለኝ፤
አምፖል ላይ ስዘረጋው፣ አርባ ስምንት ጊዜ ኤርሜቴ እጁን የሚሰጠኝ።
የተቀደደው ግን አራት ነበር።
አራት ብቻ። የቀረውን የበላው የኔ መቀስ ነው።
ያን መስከረም ወንድሜን፣ ኦሬስቴን፣ በነዳጅ ማደያው በር፣
ሁለት ጎረምሶች፣ ለአሥራ አንድ ሺህ ሊሬ…
አልተያዙም። ዳኛም አላያቸው፤ እኔም አላየኋቸው።
እፊቴ ቆመው እጃቸውን ቢያነሡ ምን እንደማደርጋቸው
አላውቅም፤ ወይም አውቃለሁ፤
ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

እሑድ ሁለት ጊዜ እናሳያለን።
ቀዳዳዋ ላይ ተደግፌ፣ አምስተኛው ጥቅል ሲደርስ፣
እጆቼን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።